የድሪቶ ገበር

ባለፈው ክረምት እቤታችን አንድ ድሪቶ ሰፋን። አሮጌ ጨርቅ ቀጣጥለን ላዩን አሳመርነው። ለገበሩ አዲስ አቡጀዲ ገዛን። ቸኩለን ሳናጥበው ሰፋነው። ድሪቶው ገና መጀመሪያ ሲታጠብ አቡጀዲው ተኮማተረ። ላዩ ግን ቀድሞ የታጠበ ጨርቅ ነውና እንዳለ ቀረ። ድሪቶው ተጨማደደ፣ አጠረም። በዚያ ብርድ የልጆቹን እግር አልሸፍን አለ! ስፌቱን በሙሉ ተረተርነው። አቡጀዲው ስላልበቃ ሌላ ገዛን።

ታዲያ ገበሩ እንዴት ይዘጋጅ?

መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የሚኮማተር ከሆነ ያኔውኑ ይኮማተር። ሁለቱ የጎን ጠርዞች ጠበቅ ተደርገው የተሸመኑ ናቸው። ሌላውን ጨርቅ ስለሚጎትቱት ተቆርጠው ይውጡ። ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ለመለየት መቀስ ጫፉ ላይ ብቻ ይበቃል። የቀረውን በእጅ መቅደድ ነው። አቡጀዲ ሲቀደድ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ገበሩ ከላዩ በየጎኑ አራት ጣት ያህል ይብለጥ። መርፌው በተመላለሰ ቁጥር ጨርቁ እየተሰበሰበ ይሄዳልና። አሜሪካ አገር እንዲህ ያለውን ልብስ የሚሰፋ ክንደ ረጅም መኪና አለ። ገበሩ በመኪናው በትሮች ላይ ይወጠራል። እዚያም በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዋል።

ትርፉን ስፌቱ ሲያልቅ እንቆርጠዋለን። ቁራጩም ለሚቀጥለው ድሪቶ ይቀመጣል።