ዳኛ ከመፍረዱ በፊት
የሕግን ትምህርት የሚጀምር ወጣት ብዙ ጊዜ አንቀጾችን በቃሉ ያጠና ዕለት ሕግ ዐዋቂ የሚሆን ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ብቻውን 3367 አንቀጾች አሉትና፣ ሁሉን በቃሉ የያዘ ሰው ቢገኝ እንኳ ከፊቱ የቀረበው ሙግት የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠራ ካልለየ ዕውቀቱ ለተሟጋቾቹ አንዳች አይረባቸውም።

አንድ ሰው ሳይናዘዝ ሞተ እንበል። ከጋብቻው በፊት ያፈራው ቤት አለው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወላጆቹም በሕይወት አሉ፤ ሌላ ልጅ የለውም። ከወር በኋላ ሕፃኑ ተወለደ፤ በማግሥቱም ዐረፈ። የሟቹ ወላጆች «ልጃችን ያለ ዘር ስለ ሞተ ቤቱ የእኛ ነው» ይላሉ፤ መበለቲቱም «ልጄ አባቱን ወርሷል፤ እኔም ልጄን እወርሳለሁ» ትላለች። ሁለቱም ወገን ሐዘንተኛ ነውና የዳኛው ልብ ወደ አንዱ ቢያዘነብል አያስደንቅም፤ ፍትሕ ግን ከርኅራኄ አስቀድሞ ጭብጥ መያዝን ይጠይቃል።

አባቱ ሲሞት ገና በማሕፀን የነበረ ፅንስ ወራሽ ይሆናልን? አንቀጽ 1 ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስኪሞት ድረስ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ንባቡን እዚህ ላይ ያቆመ ተማሪ መበለቲቱን ባዶ እጇን ይሰድዳታል። አንቀጽ 2 ግን የተፀነሰ ልጅ ሕያው ሆኖ ከተወለደና ለመኖርም የሚችል ከሆነ፣ ጥቅሙ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንደ ተወለደ ይቈጠራል ይላል። እንግዲህ ሙግቱ ሁሉ ሕፃኑ «ለመኖር ይችል ነበርን?» ወደሚለው አንድ ጥያቄ ጠበበ።

የሕጉን ጥበብ አብልጬ የማደንቀው በአንቀጽ 4 ላይ ነው። ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ ሕፃን ለመኖር ይችል እንደ ነበር ይቈጠራል፤ ሐኪም ቀርቦ «ደካማ ነበረ» ቢል እንኳ በዚህ ላይ ተቃራኒ ማስረጃ አይሰማም። ከዚያ ሰዓት በፊት የሞተው ግን ለመኖር የማይችል እንደ ነበር ይገመታል፤ ሆኖም ይህ ሁለተኛው ግምት፣ ሞቱ ከተፈጥሮ አካሉ ጉድለት ሳይሆን ከሌላ ምክንያት የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ይፈርሳል። የእኛ ሕፃን በማግሥቱ ዐርፏልና የማስረዳቱ ሸክም በእናቱ ላይ ይወድቃል።

አዋላጇ ቀርባ «አጥብቆ አለቀሰ፤ ጡትም በደንብ ጠባ» ብትል፣ አብራ ያደረችው ጎረቤትም ሌሊት በከሰል ጭስ መታፈኑን ብትመሰክርና ቃላቸው ቢታመን፣ እናቲቱ በልጇ በኩል ለመውረስ መብት ታገኛለች፤ ምስክሮቹ «ሲወለድ ጀምሮ መተንፈስ ተስኖት ነበር» ቢሉ ግን ቤቱ ለሟቹ ወላጆች ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ ሕጉ ያው ነው፤ የተለያየው ፍሬ ነገሩ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርዱ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን እንዲይዝ ማዘዙም ስለዚህ ነው፤ የተረታው ወገን የትኛው ምስክር እንዳልታመነለት፣ የትኛውም አንቀጽ እንደ ተጠቀሰበት አንብቦ፣ ይግባኙን በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚያቀርብ ያውቃልና።