የምጣዱ መስመር

አዲስ ማድ ቤት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለካቢኔው ቀለምና ለግራናይቱ ነው። ኤሌክትሪሺያን የሚጠራው ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ፣ «እዚህች ጋ አንድ ሶኬት ጨምርልን» ለማለት ነው። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ሴራሚኩን መስበር ወይም ሽቦውን በግድግዳው ላይ ማንጠልጠል ነው። ብሎኬቱ በስካርፔሎ መቦርቦር፣ ኮንዲዩቱም መቀበር ያለበት ከልስን በፊት ነው። ከዚያም በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ምጣዱ የት ይቀመጣል?

በቤታችን ካሉት ዕቃዎች እንደ እንጀራ ምጣድ ኮረንቲ የሚበላ እምብዛም የለም። ከሸክላው ሥር በቦይ በቦይ ተጠምዝዞ የተቀበረው የማሞቂያ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,800 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ከ17 አምፔር በላይ ይመጣል፤ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ግን የተሠራው ቢበዛ ለ16 አምፔር ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ውሃ ማፍያ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል፤ የሳምንት እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ግን ለሰዓታት ይነዳል። ሶኬቱ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ አፉ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም መሰኪያው ቀልጦ ይጣበቅበታል። በዲቫይደር የሚጋግሩትንማ ባናነሣቸው ይሻላል።

ስለዚህ ምጣድ የራሱ መስመር ይገባዋል፦ ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ ሌላ ሶኬት ሳይነካ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ግድግዳው ላይም በሶኬት ፈንታ ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ። ለሌሎቹ ሶኬቶች 2.5፣ ለመብራት 1.5 ይበቃል።

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። እየጣለ ሲያስቸግር «በ32 ቀይርልኝ» የሚል ደንበኛ ሞልቷል፣ እሺ ብሎ የሚቀይርም አይጠፋም። ሽቦው ባለ 2.5 እንደሆነ ከቀረ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሽቦው ግን ልባሱ እስኪላጥ ድረስ ይግላል፣ ያውም ማንም በማያየው ቦታ። ለእኔ በማድ ቤት ሥራ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም።

ቀጭን ሽቦ እንጀራም ያበላሻል። የምጣድ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ 220 የነበረው ማታ ማታ 190 ሲሆን፣ ጉልበቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ የሚወቀሰው ግን ሊጡ ነው። የሰፈሩን ኃይል ማስተካከል ባንችልም፣ ረጅምና ቀጭን መስመር ዘርግተን ተጨማሪ ቮልት ማባከን የራሳችን ጥፋት ነው።

«ምጣዱ ይነዝራል» ሲባል የሚሰጠው መልስ «ነጠላ ጫማ አድርጊ» ነው። ጫማው ጋጋሪዋን ለጊዜው ያሳልፋታል እንጂ የምጣዱን ገላ የነካው ኮረንቲ መውጫ አላገኘም። መውጫው ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ነው። ብዙ ቤት ይህ ሽቦ ሳጥን ውስጥ ተቆርጦ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ስለዚህ እስከ ብሬከር ሳጥኑ፣ ከዚያም መሬት ውስጥ እስከተቀበረው ዘንግ መድረሱን በመለኪያ አሳዩኝ ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ቢጨመር፣ ገንዘቡ ከካቢኔ እጀታ ላይ ተቀንሶም ቢሆን ያዋጣል።

የተቀረው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ኮንዲዩት ከሶኬት ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይም ይወርዳል እንጂ በአግድሞሽ አይሄድም፤ ካቢኔ ሰቃዩ ድሪሉን ሲያነሣ የት እንዳለ መገመት አለበት። ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠመው በሳጥን ውስጥ በተርሚናል ነው፤ ኮንዲዩት ውስጥ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ መገጣጠሚያ አይፈቀድም። ከልስን በፊት ግድግዳው ላይ ሜትር ዘርግቶ በሞባይል ፎቶ ማንሣት ምንም አያስወጣም።

ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ምጣዱ ይጣድና ለአንድ ሰዓት ይንደድ፤ ፍሪጁም ውሃ ማፍያውም አብረው ይሥሩ። ከዚያ የብሬከሩና የማብሪያ ማጥፊያው ክዳን በእጅ ጀርባ ይነካ። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የሚያስመልስ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ብሎን ላልቷል፤ ዋናውን አጥፍቶ ካቻቢቴውን ማንሣት የእሱ ሥራ ነው።