ሐራራው ሲነሳ ሰዓት ይመልከቱ

ሲጋራ ያቆሙ ታካሚዎቼ «ዶክተር፣ ሐራራው ሊገድለኝ ነው» ይሉኛል። አይገድልም። ኃይለኛው ሐራራ ቢያጨሱም ባያጨሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ሲነሳብዎ ሰዓት ይያዙ፣ ከተቀመጡበት ተነስተው ወጣ ይበሉ፣ ቆሎ ይቆርጥሙ። እጅም አፍም ሥራ ይፈልጋሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው የቡናውን ነገር ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲያቆሙ ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ የለመዱት ሦስት ስኒ ቡና በደምዎ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የልብ ምቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መነጫነጩ ሁሉ የሲጋራ ሐራራ ይመስልዎታል፤ ከፊሉ ግን የቡናው ሥራ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ይለፉ። (እናቴ ይህን ብትሰማ ትቆጣኛለች።)

ጫት ሲቅሙ የሚያጨሱ ከሆነ፣ ጫቱን ይዞ ሲጋራውን ብቻ መተው እጅግ ከባድ ነው። ስለ ሁለቱም ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

የሚብሱት የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ገደማ ናቸው፤ ከዚያ ሐራራው በሳምንታት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። «ለክፉ ቀን» ብለው የደበቋትን አንዲት ፍሬ ሲጋራ ግን ዛሬውኑ ይጣሏት።