ተጨማሪ መረጃ፦ የማያስፈልግ የማውረጃ ሶፍትዌርና የኔትወርክ ፖርቶች

አንድ ኮምፒውተር በኔትወርክ ላይ የሚታወቀው በአይፒ አድራሻው ነው። የደረሰው መረጃ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለየው ደግሞ የፖርት ቁጥር ነው። አድራሻው ሕንፃውን፣ ፖርቱ የቢሮውን ቁጥር ያመለክታል እንደማለት ነው። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 65535 ሲደርሱ፣ ከ0 እስከ 1023 ያሉት ለታወቁ አገልግሎቶች የተመደቡ ናቸው። ለምሳሌ፦

• 22፦ ኤስኤስኤች፣ ኮምፒውተርን ከርቀት በተመሰጠረ መስመር ለማዘዝ
• 25፦ ኤስኤምቲፒ፣ ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ለማስተላለፍ
• 53፦ ዲኤንኤስ፣ የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ለመለወጥ
• 80፦ ኤችቲቲፒ፣ ላልተመሰጠረ ድረ ገጽ
• 443፦ ኤችቲቲፒኤስ፣ ለተመሰጠረ ድረ ገጽ

ከማውረጃ ሶፍትዌሮች መካከል የቶረንት ፕሮግራሞች ፋይል ከማውረድ አልፈው ያወረዱትን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ይልካሉ፤ ለዚህም ፖርት ከፍተው ይጠብቃሉ። ቀደም ሲል በብዛት የሚጠቀሙት ከ6881 እስከ 6889 ያሉትን ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ ከሆነ ተጠቃሚው ሳያውቅ የኢንተርኔት ጥቅሉን ሊጨርሱበት ይችላሉ። ያልታደሰ ፕሮግራም የከፈተው ፖርትም ለሰርጎ ገቦች መግቢያ ሊሆን ይችላል።

በዊንዶውስ ላይ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለማስወገድ፦

1. ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉ።
2. ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ የሚለውን ከፍታችሁ አንኢንስቶል አድርጉ። የዴስክቶፑን ምልክት መሰረዝ ብቻውን ፕሮግራሙን አያጠፋም።
3. በፋየርዎል ውስጥ ለፕሮግራሙ ተሰጥቶ የነበረ ፈቃድ ካለ ሰርዙ።
4. ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በኔትስታት ትእዛዝ ክፍት ፖርቶችን ተመልከቱ።

ልብ በሉ፦ የማታውቁት ፖርት ክፍት ሆኖ ብታገኙ የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ሳታረጋግጡ ምንም አታጥፉ፤ ዊንዶውስ ራሱ ለሥራው የሚከፍታቸው ፖርቶች አሉ።