ፊልሙ ለምን ይንተባተባል?

መምህሮቻችንና ታላላቆቻችን የፕላዝማን ትምህርት ያስታውሳሉ። ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ይሠራጭ የነበረው ይህ ትምህርት ሰው አይጠብቅም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎ ሄዷል፤ ያመለጠ አመለጠ። ዛሬ ግን ፊልሙ በእጃችን ስለሆነ ማቆምም ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ከእኛ ከሰልጣኞች መካከልም የትምህርት ፊልሞችን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አጠራቅመን፣ ጄሊፊን ወይም ፕሌክስ የተባለውን ፕሮግራም ጭነን፣ በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ስልክ የምንልክ አለን። አንዱ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይሆናል፤ ሌሎቹ ከእሱ ይቀዳሉ።

ይህኛውም ታዲያ የራሱ ደዌ አለው። ፊልሙ ጥቂት ይሄድና ቀጥ ይላል፤ ያቺ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች፤ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይቆማል። ቤት ውስጥ ሲሆን ያናድዳል እንጂ ምንም አይደል። በማስተማር ልምምድ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይዞ ስልሳ ተማሪ ፊት የቆመ ሰው ሥዕሉ ለሁለት ደቂቃ ቢቆምበት የሚያጣው ሁለት ደቂቃ ብቻ አይደለም። የኋላው ወንበር ወሬ ይጀምራል፤ እሱን መልሶ ለመሰብሰብ ሌላ አምስት ደቂቃ ይሄዳል።

እንዲህ ሲሆን ከሁሉም አፍ የሚወጣው ቃል «ኔትወርክ የለም» የሚል ነው። የትኛው ኔትወርክ? ፊልሙ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ የሚጓዘውም ከጠረጴዛው እስከ ቴሌቪዥኑ ነው። ከጅማ አይወጣም እኮ! የኢንተርኔት ጥቅሉ ቢያልቅም ይሄዳል። ስለዚህ ለዚህ በሽታ ብሎ ትልቅ ጥቅል መግዛት ለእግር ሕመም የዓይን ጠብታ እንደመግዛት ነው።

ነገሩን ለመረዳት እስቲ ወደ አጋሮ መንገድ እንውጣ። በማና ወይም በጎማ የቡና መፈልፈያ አጠገብ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እሸቱ ከገበሬው ተረክቦ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፤ መፈልፈያው ይፈለፍለዋል፤ በቦይ ከውሃ ጋር ይወርዳል፤ ከታች ገንዳ ይቀበለዋል። የፊልሙም ጉዞ እንዲሁ ነው። ማጠራቀሚያው ሀርድ ዲስኩ ነው። መፈልፈያው የኮምፒዩተሩ አንጎል፣ ቦዩ ዋይፋዩ ወይም ኬብሉ ነው። ቴሌቪዥኑም በውስጡ ገንዳ አለው፤ ከፊልሙ ጥቂት ሰከንድ ያህል አስቀድሞ ይቀዳና ከዚያ ያሳያል። ክቧ የምትዞረው ገንዳው እስኪሞላ ነው። ከሚገባው የሚወጣው ከበለጠ ገንዳው ይደርቃል፣ ፊልሙም ይቆማል። ታዲያ ቦዩ በቅጠል ተደፍኖ ሳለ መፈልፈያውን በአዲስ መቀየር ምን ዋጋ አለው? ጥበቡ የተደፈነውን ቦታ ማግኘት ነው።

አስቀድሞ ትንሽ ሒሳብ። የ1 ሰዓት ፊልም 3.6 ጊጋባይት ቢመዝን፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 28.8 ጊጋቢት ይሆናል። ይህ ለ3600 ሰከንድ ሲካፈል በየሰከንዱ 8 ሜጋቢት መድረስ አለበት ማለት ነው። የ40 ደቂቃ ትምህርት 600 ሜጋባይት ቢሆን ግን በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይበቃዋል፤ ይህ በደካማ ዋይፋይም ይሄዳል። ይሁን እንጂ ይህ አማካይ ነው። መፈልፈያውን የሚፈትነው የዓመቱ አማካይ ሳይሆን በጥቅምትና በኅዳር እሸት የሚጎርፍበት ቀን እንደሆነ ሁሉ፣ ፊልሙንም የሚፈትነው የሚጎርፍበት ሰከንድ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ አስተማሪ ብዙም ስለማይለዋወጥ ቀላል ነው። የጫካ ቅጠል በነፋስ ሲናወጥ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ የስታዲየም ሕዝብ ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ስለሚለወጥ ሸክሙ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ፊልሙ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱን በፋይሉ ውስጥ ፈልጉት፤ ወይ ጎርፍ የበዛበት ቦታ ነው፣ ወይ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቷል። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከቆመ ግን መንገዱን ጠርጥሩ።

ምርመራው የሚጀምረው ፊልሙን ሰርቨሩ በሆነው ኮምፒዩተር ላይ በቀጥታ፣ ለምሳሌ በቪኤልሲ፣ በማጫወት ነው። እዚያውም ከተንተባተበ የዋይፋይ ጉዳይ አበቃ። ያረጀ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ፣ በአልጋ ልብስ ላይ ተቀምጦ የጋለ ላፕቶፕ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን ያዘገየ ማሽን፣ ከጀርባ የሚካሄድ ማሻሻያ፤ ከእነዚህ አንዱ ነው። እዚያ በደንብ ከሄደ ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስና ምልክቱን እናያለን። ክብ እየዞረች ከቆመ ገንዳው ደርቋል፤ የሚመጣው ዘግይቷል። ክብ ሳትታይ ድምፁ እየሄደ ሥዕሉ ብቻ ከተንገጫገጨ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ወይም ስልኩ ራሱ የመጣለትን መፍታት አቅቶታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ኤች 264 የተባለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የወጣ ሲሆን አሁን የማያነበው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በ2013 የወጣው ኤች 265 ያንኑ ጥራት ከሞላ ጎደል በግማሽ ክብደት ይሸከማል፤ ሁሉም ቴሌቪዥን ግን አያነበውም። ተቀባዩ የማያውቀው አጻጻፍ ሲመጣ ሰርቨሩ እዚያው በዚያው መተርጎም ይጀምራል። በስብሰባ ላይ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው አይታችኋል? ተናጋሪው ከፈጠነ አስተርጓሚው ይደርቃል፤ አዳራሹ ይጠብቃል። አሮጌ ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ሀርድ ዲስኩ ደኅና፣ ዋይፋዩ ደኅና፣ ፊልሙ ግን አይሄድም! የጄሊፊን መቆጣጠሪያ ገጽ ፊልሙ በቀጥታ እየተላከ ይሁን እየተተረጎመ ያሳያል፤ የኮምፒዩተሩም ማራገቢያ ሲጮኽ ይሰማል። አንዳንዴ ጥፋተኛው ከሥር የሚነበበው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ በሥዕል መልክ የተሠራ ሲሆን ሰርቨሩ በፊልሙ ላይ ሊያትመው ሲል ፊልሙን በሙሉ እንደገና ይጽፋል። ጽሑፉን አጥፍቶ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳንቲምም አያስወጣ። መድኃኒቱ በዋዜማው ማታ ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፊልሙን ወደ ኤች 264 ለውጦ ማሳደር ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ሰዓታት ቢፈጅበትም እኛ ተኝተን ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ቦዩ። የጅማ ቤቶች ብዙዎቹ ጭቃ ናቸው፤ የዋይፋይን ሞገድ ወፍራም ግድግዳ ያደክመዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። ቆርቆሮ ግድግዳ ያለው ተቀጥላ ክፍል ውስጥ ሞገዱ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ራውተሩን ቡፌ ውስጥ እንቆልፍበታለን፣ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንወሽቀዋለን፤ ለጌጥ ይሆን? ከፍ ያለ ግልጥ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ብዙ ለውጥ አለው። ራውተሩ ሁለት ሞገድ ካለው 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያሸንፈዋል። 2.4 ጊጋኸርዙ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ጎረቤት ሁሉ ስለሚጠቀምበት ግን ይጨናነቃል። በ2.4 ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻነሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሌላም አለ፤ ሰርቨሩም ቴሌቪዥኑም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዷ ቢት በአንዱ አየር ሁለት ጊዜ ትጓዛለች፣ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ። ሰርቨሩን ብቻ በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት የአየሩን ሸክም በግማሽ ያቀልላል። ከሚገዛ ነገር ሁሉ ይህ ኬብል ይሻለናል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፣ ግድግዳም አያውቅ። ራውተር የሌለው ሰው የስልኩን ሆትስፖት ይጠቀም፤ የሞባይል ዳታው ተዘግቶም ፊልሙ ከላፕቶፕ ወደ ስልክ ይሄዳል፣ ከጥቅል አይቆርጥም።

አንድ መድኃኒት የማያሻው ነገር እንጨምር። ብዙ የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ሲኖረው ቴሌቪዥኑ 60 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ፣ አንዱን ሥዕል ሁለቴ ቀጣዩን ሦስቴ እያሳየ ያብቃቃዋል። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር የሚታየው ትንሽ መንቀጥቀጥ ከዚህ ነው። ለእሱ ብላችሁ ራውተር አትፍቱ።

ትምህርት በሚሰጥበት ቀን ግን ቦዩን ጨርሶ መተው ይሻላል። ፊልሙን በፍላሽ ገልብጦ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነው። ፍላሹ ፋት 32 በተባለው አሠራር ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቴሌቪዥኑም የማያነበውን አጻጻፍ በፍላሽ ስለመጣ አያነበውም። ስለዚህ በዋዜማው እዚያው ት/ቤት ሄዶ፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ ከመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ከመካከሉም ጥቂት ደቂቃ አጫውቶ ማየት ያስፈልጋል።