የሕፃኑ ወተት መቼ ነው የተበጠበጠው?

በዚህ እትም ስለ ሕፃናት የጣሳ ወተት አዘገጃጀትና አቀማመጥ ላካፍላችሁ ፈልጌ ነው። «ይሄ የእናቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። በካምፕ ኑሮ ከትምህርት መልስ ታናናሾቹን የሚይዘው ተማሪው ነው፤ ጡጦውንም የሚያቀብለው እሱ ነው።

እኔ ራሴ ይህን ነገር የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ በልጄ ነው። ከጦርነቱ በፊት የምንኖረው ካርቱም፣ ካላክላ ውስጥ ነበር። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት አንድ ሆሽ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ባለቤቴ ሰው ቤት እየሠራች ጠዋት 12 ሰዓት ትወጣና ቀን 8 ሰዓት ትመለሳለች። እኔ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር የአራት ወር ልጃችንን ጠዋት ጠዋት የምይዛት እኔ ነበርኩ። ማታ እናቷ ታጠባታለች፣ ቀን ደግሞ የጣሳ ወተት እንሰጣታለን። ከሰል ውድ ነው። ስለዚህ ብልጠት መስሎኝ ማለዳ ሻይ ሲፈላ የቀኑን ወተት በአንዴ በጥብጬ ፔርሙዝ ውስጥ አደርገዋለሁ። ስታለቅስ ከዚያ እየቀዳሁ ለብ እንዳለ አጠጣታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣች። ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ነርሷ «ምን ዓይነት ወተት ነው?» ብላ አይደለም የጠየቀችኝ። «መቼ ነው የሚበጠበጠው?» አለችኝ። «ጠዋት» ስላት ራሷን ነቀነቀች። እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ ተርፋለች፤ ዛሬ ራሷ ተማሪ ናት። የነርሷ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከሁሉ በፊት የእናት ጡት

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ በሽታ መከላከያ ስለሆነ መጣል የለበትም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስላስም ይቅር። «ተጨንቄ ወተቴ ደረቀ» የሚሉ እናቶች አሉ። ጭንቀት ወተቱ ቶሎ እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል እንጂ አያደርቀውም፤ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ በጠባ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል። የጣሳ ወተት የሚያስፈልገው እናት በሌለችበት፣ ወይም በጤና ምክንያት ማጥባት በማትችልበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች ማጥባት ትችላለችና ሳትማከር ማቆም የለባትም።

ይህ ተራ ምክር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቦትስዋና ውስጥ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ። በዚያ አገር ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ተብሎ የጣሳ ወተት በነፃ ይታደል ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሞቱ። ጉዳዩ ሲጠና፣ ሆስፒታል የሚያስገባ ተቅማጥ የጠናው ጡት በማይጠቡት ላይ ሆኖ ተገኘ። ወተቱ በነፃ ቢሰጥም ውሃው ንጹሕ አልነበረም።

እኛም ጋ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከፈነዳ በኋላ የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በኦገስት 2024 የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱን አስታወቀ። በሜይ 2025 ደግሞ ካርቱም ላይ መብራትና ውሃ ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ነበር።

ጠዋት አንድ፣ ቀን ስንት?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የጣሳው ዱቄት ራሱ ከጀርም ፍጹም የጸዳ አለመሆኑን ነው። ፋብሪካው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ክሮኖባክተር እና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አልፎ አልፎ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ እንኳ አቦት የተባለው ትልቅ ኩባንያ በዚሁ ሥጋት ከሱቅ ያስመለሰው የሕፃናት ወተት ነበር። በእጃችን፣ በውሃውና በጡጦው የሚገባውም ሌላ ነው።

ባክቴሪያ በደረቅ ዱቄት ውስጥ አይራባም። ውሃ ሲያገኝና ሙቀት ሲመቸው ግን ይራባል። ተማሪዎች፣ ደብተር አውጡና አብረን እናስላ። አንድ ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል እንበል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 1 ከነበረ፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 4 ጊዜ ይታጠፋል፤ 16 ይሆናል። በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግን 16 ጊዜ ይታጠፋል። 2ን 16 ጊዜ አባዙት፤ 65,536 ይመጣል! እኔ ቀን 8 ሰዓት ሲቀርብ ለልጄ የምቀዳላት ይህንን ነበር። ፔርሙዙ ደግሞ ወተቱን ለብ አድርጎ ስለሚያቆየው ለጀርሙ እንደ ሞቀ አልጋ ነው።

አበጣበጡ በተራ

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት መመሪያ ከቤታችን ኑሮ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ነው፦

1. እጅን በሳሙና መታጠብ። ዕቃውን በሳሙና አጥቦ፣ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሞ ማፍላት።

2. ውሃው እስኪንተከተክ ይፍላ። በካሮ የመጣ ድፍርስ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ይጥለል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል። የዚር ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

3. የፈላው ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ መውረድ የለበትም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ጀርም የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። አንዳንድ ጣሳ ላይ «ለብ ባለ ውሃ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለብ ያለ ውሃ ግን ጀርሙን አይገድለውም።

4. መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዱቄቱ። ልኩ ጣሳው ላይ ባለው መሠረት፣ በራሱ በጣሳው ማንኪያ፣ አፉ በቢላዋ ተስተካክሎ ነው። የሌላ ጣሳ ማንኪያ ልኩ ሊለይ ይችላል። ወተቱ እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ልጁን በዝምታ ማስራብ ነው። ማወፈሩም ኩላሊቱን ይጎዳል። ስኳር አይጨመርም።

5. ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳሕን ውስጥ አቁሞ ማብረድ፤ ውሃው ወደ ወተቱ እንዳይገባ መጠንቀቅ። ከዚያ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን መሞከርና ወዲያው ማጠጣት።

6. በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋ። ወተት መድፋት ለእኛ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። መፍትሔው ግን በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ ነው።

«ታዲያ ለአንድ ጡጦ ሁልጊዜ እሳት እናንድድ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ፔርሙዙን አትጣሉት፤ በውስጡ የምታስቀምጡትን ለውጡ። ጠዋት የፈላውን ውሃ ትኩስ እንዳለ ንጹሕ ፔርሙዝ ውስጥ ክደኑ፣ ዱቄቱን ደረቁን አስቀምጡ፣ ልጁ ሲርበው ያን ጊዜ በጥብጡ። ውሃው እንፋሎት የማይወጣውና ለብ ያለ ከሆነ እንደገና ይፍላ። ባጭሩ፦ ውሃው በፔርሙዝ፣ ወተቱ በሆድ!

ስለ አቀማመጥ

የተበጠበጠ ወተት ማቆየት የሚቻለው ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ያውም እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ካላክላ ፍሪጅ የነበራቸው ጎረቤቶች ነበሩን፤ በበጋ መብራት ሲጠፋ ግን ፍሪጁ ቁም ሣጥን ይሆናል። መብራት ከሌለ ማቆየት የለም።

ዱቄቱ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሃቡብ ሲነሣ አቧራው የት ድረስ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። የተከፈተበትን ቀን ጣሳው ላይ ጻፉ፤ አብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። ዱካን ውስጥ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት ለሕፃን አይገዛ። እንደ ኒዶ ያለ ተራ የዱቄት ወተትም ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚሆን አይደለም።

ሌላው፣ ጡጦ ጥጋጥጉ ስለሚበዛ ማጽዳቱ ያስቸግራል። ንጹሕ ስኒ ይሻላል። አራስ እንኳ ቀና ተደርጎ ስኒው ከንፈሩ ላይ ከተያዘለት ራሱ እየላሰ ይጠጣል። ወተቱን አፉ ውስጥ አታፍስሱበት።

ከታመመስ?

ተቅማጥ፣ የጎደጎደ ዓይን፣ ወደ ውስጥ የገባ እርግብግቢት፣ የሽንት መቀነስ ወይም መፍዘዝ ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚጠባም ከሆነ ማጥባቱ አይቋረጥ።

መምህራን፣ ስሌቱን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሠሯቸው። ተማሪዎች፣ ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አንብቡላቸው። ቤት ስትገቡም የተቀመጠ ወተት ካያችሁ በትሕትና ጠይቁ፦ «መቼ ነው የተበጠበጠው?»

ቸር ይግጠመን።