የወጥ ቤት ፍቅር በቴሌቪዥንና በኮልቾ ምድጃ

በአማርኛ አነጋገር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጋብተው የራሳቸውን ኑሮ ሲጀምሩ «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» ይባላል። ጋብቻ ከቤት ጣራ ወይም ከአልጋ ይልቅ በምድጃ ድንጋይ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ምግብ በአንድ ምድጃ ማብሰልና ከአንድ ገበታ መብላት የትዳር ምልክት ብቻ ሳይሆን ትዳሩ ራሱ ነው ለማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የምንነሣውም ከቀላል ነገር ነው፤ ይኸውም በወጥ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ፍቅር ከሚያሳዩት አስቂኝ የቴሌቪዥን ተውኔቶች ነው። ከዚያም የተውኔቶቹን አሳብ ይዘን በደቡብ ኦሞ ወደምትገኘው ወደ ኮልቾ መንደር እንወርዳለን።

አንዳንድ አንባቢ ጨዋታና ሣቅ ለጥናት ምን ይረባል ይል ይሆናል። ነገር ግን ሰው በምን እንደሚሥቅ ማወቅ ምንን እንደሚያከብር ለማወቅ ይረዳል። ስለዚህ ጨዋታውን ሳንንቅ እንጀምር።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ. ም. ነው። በ2008 ዓ. ም. ደግሞ ቃና የተባለው ጣቢያ ተከፍቶ የውጭ አገር ተከታታይ ተውኔቶችን በአማርኛ ድምፅ እየለወጠ ማቅረብ ጀመረ። ከዚህ በኋላ የከተማው ቤተ ሰብ ራቱን አቅርቦ የሩቅ አገር ሰዎችን ፍቅርና ጠብ በገዛ ቋንቋው መስማት ለመደ። በውጭው ዓለም ከታወቁት የተውኔት ዐይነቶች አንዱ ታሪኩ በምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ የሚፈጸመው ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ኤም. ቢ. ሲ. የተባለው የደቡብ ኮሪያ ጣቢያ በ2002 ዓ. ም. ያሳየው «ፓስታ» የተሰኘው ባለ 20 ክፍል ተውኔት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ወጣት በአንድ የጣልያን ምግብ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል በረዳትነት ስትሠራ ቈይታ የምጣዱ ተራ ሊደርሳት ሲል አዲስ የወጥ ቤት አለቃ ይመጣል። ይህ አለቃ በእርሱ ወጥ ቤት ሴት እንደማትሠራ ተናግሮ ሴቶቹን ያሰናብታል። ልጅቱ ግን ሙያዋን ስለምትወድ በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። አለቃውም እየተቈጣት፥ እርሷም እየተከራከረችው፥ ሁለቱ በመጨረሻ ይዋደዳሉ።

ይህን የመሰለ ተውኔት የሚሠራበት መንገድ ሲታይ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ማዕረግ ነው። ወጥ ቤት እንደ ጦር ሰፈር የላይና የታች አለው፤ ማን አትክልት እንደሚልጥ፥ ማን ምጣድ እንደሚይዝ፥ ማን ቀምሶ እንደሚፈርድ የተወሰነ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። እንግዳው ተቀምጦ ስለሚጠብቅ የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ጠባቸውን ትተው ሳሕኑን ማውጣት አለባቸው፤ ሣቁም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፍቅር በቃል ከመነገሩ በፊት በምግብ መገለጡ ነው። አለቃው «እወድሻለሁ» ለማለት አፉ ያልደፈረውን አንድ ሳሕን በፊቷ በማኖር ይለዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጉርሻን የሚያውቅ ሕዝብ ምግብ እንደሚናገር ለማወቅ ከኮሪያ መማር አያስፈልገውም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው መከተል አለበት፤ እንቢ ማለትም አጉራሹን ማሳፈር ነው። አዲስ ሙሽራም ሙያዋ የሚታወቀው በዶሮ ወጥ ነው። ዶሮዋን በ12 ብልት በትክክል ሳታወጣ ብትቀር የባሏ ዘመዶች የሚሉትን አያጡም። የሚያሥቀው ነገር የተከለከለው ሰው መለየቱ ነው። በኮሪያው ተውኔት ወንዱ ሴትን ከወጥ ቤት ያስወጣል፤ በብዙው የአገራችን ክፍል ግን ማድ ቤት የሴት ግዛት ነበርና ድስት የሚከፍት ወንድ ይሣቅበት ነበር። ክልከላው ተገለበጠ እንጂ ያው ክልከላ ነው። በሁለቱም ዘንድ ወጥ ቤት ማን ከማን ጋር በምን ማዕረግ እንደሚኖር የሚወሰንበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ ይህ አሳብ ምግብ ቤትም ዶሮ ወጥም በማይገኝበት አገር ይሠራ እንደ ሆነ ለመመርመር ኮልቾን መርጠናል። ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካለው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ከመንደሩ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ወንዙ በሰፊው ሲታጠፍ፥ ዳርና ዳሩም በዛፍ ለምልሞ ያያል። ከወንዙ ማዶ የኛንጋቶም ሕዝብ አገር ነው፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ሐመሮች ይኖራሉ። ካሮዎች በቍጥር ጥቂት ናቸው። ቋንቋቸው ለሐመርና ለበና ቋንቋ የቀረበ ነው። በወንዙ ዳር ገንዲ የሚያመጣው ዝንብ ስላለ ከብት ማርባት አይመቻቸውም፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚመኩት በማሽላቸው ነው። በየመንደሩ ከምድር ከፍ ብለው በእንጨት የተሠሩት የእህል ጎተራዎች ይህን ይመሰክራሉ። በድርቅ ዓመት ሐመሮች ፍየላቸውን ይዘው ወደ ካሮ እህል ፍለጋ መውረዳቸው የቈየ ልማድ ነው።

በዚህ አገር ወጥ ቤት የሚባል የተለየ ክፍል የለም። ምድጃው በጎጆው ውስጥ ነው፤ ወፍጮውም ከአጠገቡ። ሴቲቱ ተንበርክካ በመጁ ማሽላውን ትፈጫለች፤ ከዱቄቱም ገንፎ ይሠራል። ጠዋት ከሁሉ በፊት የሚጣደው የቡና ገለፈት ነው። በጂንካ ገበያ ሸፈሮ የሚባለው ይህ ገለፈት በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ይፈላና ለሁለት በተከፈለ ቅል ይቀርባል። በሐመሮች ዘንድ የቤቱ ሽማግሌ ከቡናው ተጎንጭቶ እፍ እያለ በመርጨት ለሰውም ለከብትም በረከትን ይጠራል። እንግዳ ከዚህ ቡና ሳይጠጣ ወደ ቁም ነገር አይገባም። ቡና የሚፈላው በሴቲቱ እጅ ስለ ሆነ፥ ባል ጎረቤቱን «ወደ ቤቴ ና» ብሎ ለመጥራት የሚችለው ሚስት ሲኖረው ነው። ባለ ምድጃ ያልሆነ ወንድ በሰው ምድጃ ዳር እንግዳ ነው።

ወደ ጋብቻ የሚወስደውም መንገድ በምግብ የተሞላ ነው። በካሮም ሆነ በሐመር ወጣቱ ለማግባት የሚበቃው በተርታ በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ በመዝለል ነው። በሐመር ልማድ ታናሽ ወንድም ከታላቁ በፊት አይዘልም። የበዓሉ ቀን ሲቈረጥ ዘመድና ወዳጅ ከየመንደሩ ስለሚመጣ ሐመሮች ፓርሲ የሚሉት የማሽላ ጠላ በብዛት ይጠመቃል። ጠላው ከመጠመቁ በፊት ማሽላው መፈጨት፥ ከመፈጨቱም በፊት መታጨድ አለበት። እንዲህ ያለው ድግስ ብዙውን ጊዜ መከር ከገባ በኋላ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከዝላዩም በኋላ ለልጅቱ ወላጆች የሚሰጠው የፍየልና የከብት ጥሎሽ አለ፤ ይህም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን ብዙ ዓመት የሚወስድ ዕዳ ነው።

የሐመር ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ የምትገባው በእውነቱ ወደ አማቷ ቤት ነው። ፀጕሯን ተላጭታ፥ ቅቤና ቀይ አፈር ተቀብታ በዚያ ለወራት ትቈያለች፤ የቤቱንም ወግ ከአማቷ ትማራለች። የራሷን ምድጃ የምታገኘው ከዚህ በኋላ ነው። «ፓስታ»ን ያየ ተመልካች እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም ያ ቍጡ የወጥ ቤት አለቃ በደቡብ ኦሞ ሲፈለግ የሚገኘው በአማቲቱ ወንበር ላይ ነው። ረዳቲቱ ሦስት ዓመት እንደ ጠበቀች ሁሉ ሙሽራዪቱም ተራዋን ትጠብቃለች።

ይህ ኑሮ በቴሌቪዥን ያልታየ አይደለም። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ጂን ላይዶል ከ1970 እ. ኤ. አ. ጀምራ ከኢቮ ሽትሬከር ጋር ሐመርን ስታጠና ከቈየች በኋላ፥ ከጆአና ሄድ ጋር ሆና ለእንግሊዙ ቢ. ቢ. ሲ. ስለ ሐመር ሴቶች ሦስት ፊልሞች ሠርታለች። የመጀመሪያው በ1990፥ ሁለተኛው በ1991፥ ሦስተኛው በ1994 እ. ኤ. አ. የወጡ ናቸው። ሁለተኛው ፊልም ሁለት ልጃገረዶች ወደማያውቋቸው ባሎች አገር ለመሄድ ሲዘጋጁ ያሳያል፤ የሦስተኛውም ስም በአማርኛ «የእኛ አፈቃቀር» እንደ ማለት ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴቶቹ ስለ ባል፥ ስለ አማትና ስለ ልጅ ሲጨዋወቱ ሣቃቸው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ፊልም «የሚሥቁት ሴቶች» መባሉም በከንቱ አይደለም።

እነዚህን ፊልሞች ከተውኔቱ ጋር ስናነጻጽር ሁለት ልዩነት እናገኛለን። አንደኛው የቅደም ተከተል ነው። በተውኔቱ መጀመሪያ ሥራ፥ ቀጥሎ ፍቅር፥ በመጨረሻ ትዳር ይመጣል። በሐመር ግን መጀመሪያ የወላጆች ስምምነት፥ ቀጥሎ ምድጃ ይቀድማል፤ ፍቅር የሚመጣ ከሆነም የሚመጣው ከዓመታት በኋላ በዚያው ምድጃ ዳር ነው። ተውኔቱ በሚያበቃበት ስፍራ የእነርሱ ታሪክ ይጀምራል።

ሁለተኛው ልዩነት ግን ከዚህ ይበልጣል። በቴሌቪዥኑ ወጥ ቤት ዱቄቱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ዘወትር ጠዋት ዕቃው በሣጥን ተሞልቶ በበር ይገባል፤ የሚጐድለው ፍቅር ብቻ ነው። በኮልቾ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው እህሉ ነው፤ እህሉም የሚመጣው ከወንዙ ነው።

ኦሞ ከደጋው የክረምት ዝናብ ተቀብሎ ወደ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በነሐሴ ከዳርቻው ወጥቶ መሬቱን ያጥለቀልቅ ነበር። በመስከረምና በጥቅምት ውሃው ሲሸሽ ካሮዎች በቀረው ለም ደለል ላይ ማሽላቸውን ይዘሩ ነበር፤ መሬቱ ርጥበቱን ስለሚይዝ ያለ ዝናብ ይበቅል ነበር። በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። ከዚያ ጎተራው ይሞላል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ልጁ ይዘላል፤ ሙሽራዪቱም ትወጣለች። ስለዚህ የወንዙ ሙላት የእርሻ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የሠርግ ወሬም ነበር።

ከኮልቾ በላይ በወንዙ ላይ የተሠራው ግልገል ግቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ. ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ. ም. ተመረቀ። ኀይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ሲሆን ከአገሪቱ ትላልቅ የኤሌክትሪክ ምንጮች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የጥንቱ ዓመታዊ ሙላት እንደ ልማዱ አልመጣም፤ በልክ ይለቀቃል የተባለውም ጎርፍ የቀድሞውን አልተካም። በወንዙ ዳር የሚዘራው መሬት ጠበበ፤ ለሐመር እህል ይሰጥ የነበረው ካሮ ራሱ እህል ፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ መጣ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ምድጃዎች ይገናኛሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤተ ሰቡን ቴሌቪዥን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ከፊሉ የሚመጣው ከዚሁ ከኦሞ ውሃ ነው። በመስኮቱ ላይ ሁለት ሰዎች በሙሉ ጓዳ ውስጥ ሲዋደዱ እያየን እንሥቃለን፤ ያንኑ ብርሃን የሰጠን ውሃ ግን የኮልቾን ጓዳ ይሞላ የነበረው ውሃ ነው። ይህን የምንለው ብርሃኑን ለመንቀፍ አይደለም። ኤሌክትሪክ ለአገር ያስፈልጋል፤ እኛም ይህን የምንጽፈው በእርሱ ብርሃን ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ የተቈጠረው የጠፋው ኩንታል ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ጐዶሎ ነው እንላለን። ጎተራው ባዶ ሲሆን የሚቀረው ገንፎ ብቻ አይደለም፤ ድግሱ ይዘገያል፤ ታላቁ ካልዘለለ ታናሹ ይጠብቃል፤ የታጨችውም ልጅ በእናቷ ቤት ትቈያለች። በርዳታ የሚመጣ ስንዴ ረኃብን ያስታግሣል፤ በሰው እህል ግን ሠርግ መደገስ ያስቸግራል፤ ደጋሽ የሚከበረው ከራሱ ጎተራ ሲያወጣ ነውና።

ስለዚህ ከግድቡ በወቅቱ በቂ ጎርፍ የመልቀቁ ጉዳይ የመሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ ጥያቄ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ውሃው በየትኛው ወርና ምን ያህል ቢለቀቅ እንደሚበጅ ሲመከር የካሮ ሽማግሎች ብቻ ሳይሆኑ ወፍጮውን የሚያውቁት ሴቶችም ቢጠየቁ መልካም ነው። ወንዙ በነሐሴ ካልወጣ በጥር ምን እንደሚጐድል ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እኛም ከኮሪያው ምግብ ቤት እስከ ኮልቾ ጎጆ ያየነው ይህንኑ ነው። ድንጋዩ ልዩ ልዩ ነው፤ አለቃውም አንድ ስፍራ ባለ ነጭ ቆብ፥ ሌላ ስፍራ አማት ነው። ሰው ለሚወደው ሰው ምግብ ማቅረብ መፈለጉ ግን በሁሉ ዘንድ አንድ ነው። ይህን ለመፈጸም በድስቱ ውስጥ የሚገባ እህል መኖር አለበት።